የሰርጉ ማግስት ውሃ

ከአምስት ዓመት ወዲህ የየሰፈሩ ቧንቧ የሚሰጠው ከዚያው ሰፈር መንገድ ላይ ወርዶ የተጠራቀመውን ዝናብ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ሰፈር የመንገዱን ዳር ሣር የሚረግጥ የለም። ሣሩ ከተነቀለ አፈሩ ይታጠባል፤ አፈሩ ከታጠበ የምንጠጣው እሱኑ ነው። የሣሩ ጠባቂ እኔ ነኝ።

የጎረቤታችን የእትዬ ውድነሽ አንድያ ልጅ ራሔል የተዳረች ዕለት ግን ሰርገኞቹ ሲደርሱ፣ የሙሽሪት ጓደኞች እንደ ወጉ አናስገባም ብለው በሩን ዘጉ። ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ሣሩ ላይ ይጨፍር ጀመር። ወዲያው የሚያዝያ ዝናብ ወረደ።

«እባካችሁ አስገቧቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ ጭቃ ልታጠጡን ነው» ብዬ ለመንኩ።

«ገና መች ጨፈሩና፣ ጋሼ ደምሰው» አሉ ልጆቹ በአጥሩ ላይ እየሳቁ።

ከበሮው ደመቀ፤ ሣሩ ከነሥሩ ተነቀለ፤ ቀይ ጎርፍ ወደ ማጠራቀሚያው ወረደ። ልቆጣቸው መሃል ገባሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ትከሻዬ ቀደመኝ። በሩ ሲከፈት ከሙሽራው ይበልጥ በጭቃ የተለወስኩት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ቧንቧው ቀይ ውሃ ለቀቀ። ሰፈርተኛው እየተሳሳቀ በነጠላ አጠለለ፤ የተቆጣኝም አልነበረም።

ማታ እትዬ ውድነሽን ልጠይቅ ስገባ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ፤ ላዩ ጠርቶ፣ ሰርገኞቹ የጨፈሩበት ቀይ አፈር ከታች ተኝቷል።

«አሁንማ ይጠጣል እኮ» አልኳቸው።

«ተወው፣ ደምሰው» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ቤቱ ጭር ሲልብኝ በማንኪያ አማስለዋለሁ።»