በአቶ ሌስተር ደጃፍ የተነጠፈው ጡብ

በአቶ ሌስተር ኮቫክ ሰፈር ለራሱ ብሎ አበባ የሚተክል ሰው የለም። አንድ ቤት ፊት ለፊት አዲስ አበባ ከተተከለ፣ በሳምንቱ «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ አጠገቡ ይተከላል። አቶ ሌስተር በዚህ የኦሃዮ ሰፈር አርባ አንድ ዓመት ሲኖሩ ይህ ነገር አንድ ቀን ሲስት አላዩም።

ስለዚህ ልጃቸው ጆሊን ደውላ «አባዬ፣ ለግቢህ ባለሙያ ቀጥሬልሃለሁ፤ ሰኞ ይመጣል» ስትላቸው፣ የጎረሱትን ዳቦ ሳያኝኩ ዋጡት።

«ግቢዬ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ትንሽ ይስተካከል ብዬ ነው።»

«ሣሩን እንደሆነ ራሴ አጭደዋለሁ።»

«አውቃለሁ። ደግሞ ታች ካለው መኝታ ቤት ካርቶኖችህን አውጣልኝ፤ ባዶ ይሁን።» ወዲያው ስልኩ ወድቆ ሲንኳኳ ተሰማ። «ይቅርታ፣ ከእጄ አምልጦኝ ነው» አለች።

ቤቱ በጆሊን ስም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጠበቃው «በሕይወት እያሉ ያዛውሩላት፤ በኋላ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ትድናለች» ብሎ ስለመከራቸው ደስ ብሏቸው ፈርመዋል። እሸጠዋለሁ ካለች ከልካይ የላትም ማለት ነው። አቶ ሌስተር ደግሞ በዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ ሚስታቸው በሞተችበት ቤት መሞት። የአረጋውያን መጦሪያ የገባ ጓደኛቸውን አንዴ ሊጠይቁ ሄደው ሾርባውን አይተው ተመልሰዋል።

ባለሙያው ኦክታቪዮ ሰኞ በሰዓቱ መጣ። ትሁት ሰው ነው፤ ይህም አላስደሰታቸውም። የጋዝና የውሃ መስመር የሚያልፍበትን ለመለየት ግቢውን በትናንሽ ባንዲራዎች ሞላው። ባንዲራውን ያዩት የፊት ለፊት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ቨርና መንገዱን ተሻግረው ከች አሉ።

«ሌስተር! ቤቱን ስንት ልትለው ነው?»

«ማን ይሸጣል አለሽ?»

«ኧረ ተወኝ! የእህቴም ልጆች እንዲህ ነው የጀመሩት። መጀመሪያ አበባ፣ ከዚያ ደላላ፣ ከዚያ ፎቶ አንሺ። ይኸው እህቴ ዛሬ ከማታውቃት ሴትዮ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ናት። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ታፏጫለች።»

ማክሰኞ ኦክታቪዮ ከበሩ ፊት ያሉትን ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች አፈረሰ። አቶ ሌስተር አርባ ዓመት የሠሩ ግንበኛ ናቸው፤ ደረጃዎቹን በገዛ እጃቸው ነበር የገነቧቸው። ረቡዕ በደረጃዎቹ ፋንታ ከመኪና ማቆሚያው ተነሥቶ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ እስከ በሩ የሚደርስ ሰፊ የጡብ መንገድ ተነጠፈ።

«ገዢ ሰፊ መግቢያ ይወዳል» አሉ ወይዘሮ ቨርና ከማዶ።

ሐሙስ የአበባ መደቦቹ ተሠሩ፤ እንደ ጠረጴዛ ከፍ ያሉ ናቸው።

«ይሄ ምሳ ሊበላበት ነው?» አሉ አቶ ሌስተር።

«ማጎንበስ እንዳይኖር ነው፣ ጌታዬ።»

«የዘንድሮ ገዢ ማጎንበስም አይወድም በለኛ!»

ኦክታቪዮ አልሳቀም። ሜትሩን አውጥቶ የበሩን ስፋት ለካ።

«በሩ ላይ ደግሞ ምን ልትተክል ነው?»

«ልጅዎ ለካልኝ ብላኝ ነው።»

«ለምን?»

ኦክታቪዮ ሜትሩን ጠቀለለ። «እሱን እሷው ትንገርዎ። እኔ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አቶ ሌስተር ጠርጥረዋል። በሩ የተለካው የገዢው ሶፋ ይገባ እንደሆነ ለማየት ነው። መኝታ ቤቱ ባዶ ይሁን የተባለው ፎቶ ላይ ሰፊ እንዲመስል ነው። በየእሑዱ ትመጣ የነበረችው ጆሊን ከፋሲካ ወዲህ ብቅ አላለችም፤ ሥራ በዛብኝ ትላለች። ዓይናቸውን ማየት አፍራ ነው። ከቤቱ ይልቅ ያንገበገባቸው ይህ ነበር። ፊት ለፊት መጥታ «አባዬ፣ ልሸጠው ነው» ብትላቸው ምን ነበረበት?

ዓርብ ደወለች። ምላሷ እንደ ጠጣ ሰው ይጎተታል።

«አባዬ፣ ነገ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። በስልክ የማይነገር ነገር አለኝ። እንዳትቆጣ እሺ?»

«ብቻሽን ነው የምትመጪው?»

«አይ፣ አንድ ሰው አብሮኝ ይመጣል። መንገዱ እንዴት ሆነ?»

«ያምራል» አሉ። ውሸት አልነበረም፤ ኦክታቪዮ ሥራውን ያውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ሌስተር ዲጂኖ ይዘው ወጡ። ጡብ ማንጠፍ የሚያውቅ ሰው መንቀሉንም ያውቃል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንድም ጡብ በቦታው አልነበረም። ሥሩን ቆፈሩት፤ አልበቃ ብሏቸው የውሃውን ጎማ ለቀቁበት። ደረጃም መንገድም የሌለው፣ ደጃፉ ጭቃ የሆነ ቤት እስቲ ማን ይገዛል!

«ጎሽ ሌስተር!» ብለው ወይዘሮ ቨርና አጨበጨቡላቸው።

አቶ ሌስተር በሩ ጋ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላቸው።

ልክ በአራት ሰዓት አንድ ነጭ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ከሹፌሩ ወንበር ወረደ። አቶ ሌስተር ደላላው ይሄ ነው ብለው ብድግ አሉ።

«እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው! ይህን ንገራት!» ብለው ጮኹ።

ወጣቱ ግራ ተጋብቶ ጭቃውን አየ፤ እሳቸውን አየ። ከዚያ ዞሮ የሚኒባሱን የጎን በር ከፈተ።

ጆሊን ሻንጣዋን ጭኗ ላይ እንዳደረገች በተሽከርካሪ ወንበር ወረደች፤ ወንበሩ ጭቃው ዳር ሲደርስ ቆመ።