የወይዘሮ አትጠገብ እግር

የዘንድሮው ዕጣ ለወይዘሮ አትጠገብ ወጣ። ሪፐብሊኳን የመሠረቱት ሰዎች፣ «ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበ እኛ ማን ነን?» ብለው፣ ዕጣ የወጣለትን ዜጋ እግር ሳያጥብ የሚሾም ሚኒስትር እንዳይኖር በሕግ ደንግገዋል። የሹመቱን መሐላ የሚያጸድቀው የሚናገር ገንዳ ነው፤ እሱ ደግሞ ምልጃ አያውቅም።

ወይዘሮ አትጠገብ ሹም በቆሻሻ እግር አይቀበሉምና ሦስት ቀን ሙሉ ተረከዛቸውን በድንጋይ ፈትገው፣ እንሶስላ ሞቀው ጠበቁ። ወጣቱ ዕጩ የመንገድ ሚኒስትር ይመኑ መጥቶ ተንበረከከና እግራቸውን ገንዳው ውስጥ አሸት አሸት አደረገ።

«የሚታጠብ ነገር አልተገኘም» አለ ገንዳው። «እስከ ስድስት ሰዓት ካልታጠበ ሹመቱ ይሰረዛል።»

«እማማ፣ ምን አደረጉኝ!»

«አፍሬ ነዋ፣ ልጄ! ያ እግር ለሰው ይታያል?» ትንሽ አሰቡና ነጠላ ጫማቸውን አጠለቁ። «ግድ የለም፣ ተነስ። ወፍጮ ቤት ደርሰን እንመለስ።»

የወፍጮ ቤቱ መንገድ ሰፈሩ ከተቆረቆረ ጀምሮ አፈር ነው፤ ትናንት ደግሞ ሲዘንብ ነው የዋለው። ሚኒስትሩ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ወይዘሮ አትጠገብ እየሳቁ ክንዱን ይዘው መለሱት።

አሁን የገንዳው ውሃ ጥቁር እስኪሆን ታጠቡ። «መሐላው ጸንቷል» አለ ገንዳው፤ ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ።

ወይዘሮ አትጠገብ ግን ወደ ሚኒስትሩ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ያንን መንገድ አደራ። ከአንተ ቀጥሎ የሚሾመው የሚያጥበው ጭቃ ይጣ።»