ዘጠነኛዋ አጣፊ

ዘጠነኛዋ የአንሶላውን ሁለት ጫፎች ግድግዳው ላይ በተንጠለጠሉት ሁለት የልብስ መቆንጠጫዎች ታስነክሳለች፤ የቀሩትን ሁለቱን ይዛ ወደ ኋላ ትራመዳለች። ስምንት ሴቶችና አንዲት አለቃ ዓይናቸውን ተክለውባታል። ጨርቁን ወጠር ታደርገዋለች።

ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ማሽኖች ይጠፉና «የመማማሪያ ሰዓት» ይሆናል። አለቃዋ ሥልጠና ሄዳ ከተመለሰች ወዲህ የመጣ ጣጣ ነው። የሄደችው ለሦስት ቀን፣ ይዛ የመጣችው ግን የሦስት ዓመት ወሬ፤ ፈጠራ፣ የሥራ ደስታ፣ እርስ በርስ መማማር። አንዷ የምታውቀውን ለሌሎቹ ታሳያለች፤ ያሳየችም አንድ ነገር ትጠይቃለች። ባለፈው ሳምንት የከንፈር ቀለም ከትራስ ልብስ እንዴት እንደሚለቅ ያሳየችው ድንቢጥ፣ ቁመቷን አይተው ነው እንዲህ የሚሏት፣ መቆሚያ በርጩማ ጠይቃ በማግሥቱ መጥቶላታል።

ዘጠነኛዋም የምትጠይቀውን ካወቀች ሰነባብታለች። አጣማጅ ነው የምትጠይቀው።

አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ሆኖ ነዋ። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ። ያራግፋሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይራመዳሉ፣ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ሲገናኙ ደግሞ ወሬ አለ። የማን ባል እንዳኮረፈ፣ የማን ልጅ ጥርስ እንዳበቀለ፣ የማን አማት ልትከርም እንደመጣች፣ ሁሉም የሚወራው ጫፍና ጫፍ ሲገጥም ነው። የሷ አጣማጅ ግን ከአራት ወር በፊት ትዳር ይዛ ሌላ ከተማ ገባች። በምትኳ የተቀጠረ የለም። አራት ጥንድና አንድ ትርፍ ሆኑ። ስሟን ትተው ዘጠነኛዋ አሏት፤ ክፋት የለበትም፣ ሲቆጠሩ እሷ ላይ ስለሚያልቅ ነው። ሁለት ሚስማር መትታ፣ ሚስማሩ ላይ መቆንጠጫ አስራ፣ ከግድግዳ ጋር ማጠፍ የጀመረችው ያኔ ነው። ግድግዳ ሲያጥፍ ጎበዝ ነው። አይደክም፣ አይቀር፣ አያማ።

ወደ ግድግዳው ትሄዳለች፣ ጫፍ ከጫፍ ታጋጥማለች፣ ትመለሳለች። እንዲህ ማሳመር አልነበረባትም። ትንሽ ብታንጋድደው፣ አንዱን ጥግ መሬት ብታስነካው ኖሮ፣ የምትፈልገውን ሥራው ራሱ ይጠይቅላት ነበር። እሷም አላጣችውም። ግን አራት ወር ሙሉ ዞር ብሎ ያያት የለም፤ ዛሬ ስምንት ሰው አፉን ከፍቶ እያያት እንዴት ታበላሸው? እጇ እምቢ አላት። አንሶላው እንደ ደብተር ጥርቅም ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል።

አለቃዋ ሰዓቷን ታያለች። የፈጀባት ጊዜ ሁለት ሴቶች ከሚፈጅባቸው ጋር እኩል መሆኑን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ክፍሉ በጭብጨባ ይሞላል። የድንቢጥ አጣማጅ ረጅሟ፣ ወገቤን የጨረስኩት ለካ ለዚህች ሳጎነብስ በከንቱ ኖሯል ትልና ታስቃቸዋለች። ድንቢጥም በክርኗ ትጎሽማታለች።

«በይ እህቴ፣ ምን ላድርግልሽ?» ትላለች አለቃዋ። «አትፈሪ፣ የልብሽን ተናገሪ።»

ዘጠነኛዋ ቀና ትላለች። «አብራኝ የምታጥፍ ሰው ነበር የምፈልገው፣ እትዬ።»

በሳቅ ይፈርሳሉ። ቀልድ መስሏቸዋል። ምን ይፈረድባቸዋል፤ ሰው አያስፈልግም ብላ በገዛ እጇ ካሳየች ደቂቃ አልሞላትም። አለቃዋ ዓይኗን እየጠረገች፣ እንዲህ ተጫዋች መሆንሽን ዛሬ ገና አወቅሁ ትላታለች። ዘጠነኛዋ ታያቸዋለች፣ ከዚያ እሷም ትስቃለች። ሌላ ምን ታድርግ? ጓንት ይሁንልኝ ትላለች። ጓንት ተብሎ ይጻፍላታል።

አለቃዋ ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም እንደሷ ለየብቻ ታጥፋላችሁ ትልና የጥገናውን ሰውዬ ታስጠራለች፤ መዶሻውን ይዞ ይመጣል። ሌላ ዐሥራ ስድስት ሚስማር፣ ለእያንዳንዷ ሁለት ሁለት። ቀጥቅጦ ሲወጣ ሴቶቹ ሚስማሩ ላይ መቆንጠጫ ያስሩና አንድ አንድ አንሶላ እያነሱ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

የረጅሟ አንሶላ ከመቆንጠጫው ያመልጣል። ዘጠነኛዋ ሳታስበው ሄዳ የወደቀውን ጫፍ ታነሳለች፤ ረጅሟ በዚያኛው ጫፍ አለች። ጨርቁ በመሃላቸው ይወጠራል። ከወዲያ ሳብ፣ ላላ፣ ሳብ የሚያደርግ የሰው እጅ አለ፤ ግድግዳ እንዲህ አይስብም። የምታወራው ነገር እንኳ አላዘጋጀችም። ልጅሽ እንዴት ነው ልትል አፏን ትከፍታለች።

«ተይው የኔ እናት» ትላታለች ረጅሟ፣ ጫፉን ቀስ አድርጋ ከእጇ እየተቀበለች። «ብቻዬን ልልመደው።»

ትለቃለች። ማሽኖቹ ገና አልተነሡም፤ ክፍሉ ውስጥ ከጨርቅ ሽውታ በቀር ድምፅ የለም። ስምንት ሴቶች ስምንት ጀርባ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያጥፋሉ።