የፍሥሐ እጅ ያጠበቀው ክዳን

በከተማው የጡንቻ ዱቄት የማይጠጣ ሰው ከጠፋ ወዲህ ቧንቧውም በሩም የሚሠራው ለጠንካራ ክንድ ነው። ውባለም ብቻ እምቢ ስላለች ውሃ የምትቀዳው ጎረቤት ሲከፍትላት ነው። ባሏ ፍሥሐ ብረት ከማንሳቱ በፊት ዱቄቱን በወተት በጥብጦ ይጠጣ ነበር። ልብም ጡንቻ ነውና፣ የእሱም ልብ እየወፈረ ሄዶ አንድ ቀን ቀጥ አለ። የበርበሬውን ጠርሙስ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠበቀው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቤቱ የሚበላው አልጫ ብቻ ነው።

እሁድ ዕለት ዱቄት አከፋፋዩ የፍሥሐ ታናሽ ወንድም ደረጀ አንድ ቆርቆሮ ዱቄት ይዞላት መጣ።

«እትዬ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ ቅመሺ። እስከ መቼ ጎረቤት ስትጠሪ ትኖሪያለሽ?»

«ምሳህን ብላ።»

ወጡን ቀምሶ ሳቀ። «በዚህስ በሽተኛም አይድን።» ተነሥቶ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረደና ክዳኑን በሁለት ጣቱ ከፈተው። «ይኸው፣ ምን ያስቸግራል?»

ውባለም ጭልፋውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«እሱ የወንድምህ እጅ ነበር» አለች። «እንደነበረው መልሰው።»

ደረጀ ግራ ገብቶት ክዳኑን አጠበቀው።

«ያንተን አላልኩህም። የእሱን ነው ያልኩህ።»

ደረጀ ጠርሙሱን እንደያዘ አቀረቀረ።

«ቆርቆሮህን ይዘህ ውጣልኝ» አለችው። «በሩን ደግሞ እንዳትዘጋው። አንተ ከዘጋኸው እኔ ልከፍተው አልችልም።»