ሚስቱ አልጋ ላይ... እሱ ፊልም ቤት

ሸኩር የፊልም ቤቱን መጋረጃ ገልጦ ሲገባ ጆሮው ሊደነቁር ደረሰ...

ውስጡ ጨለማ ነው። ስክሪኑ ላይ መኪና ከድልድይ ይወረወራል፣ ህንጻ ይናዳል፣ ተኩሱ ማባሪያ የለውም። ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

የእህቱ ባል ሙርሺድ ከፊት አግዳሚው ላይ፣ ልክ ስፒከሩ ስር ተቀምጧል።

ያወሩለት እውነት ነበር...

ሸኩር ሊሙ ገነት ቡና የሚነግድ ሰው ነው። ታናሽ እህቱ ሰሊማ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ በጡት ካንሰር አልጋ ከያዘች ከርማለች። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቷ አስታምሟት ካሉ ወዲህ ሸኩር በየሳምንቱ ይመላለሳል።

በዚያ ሰሞን ታዲያ የእህትህ ባል ባጃጁን አቁሞ ከሰዓት ከሰዓት ፊልም ቤት ነው የሚገኘው አሉት።

መጀመሪያ አላመነም። ሙርሺድ ሰሊማን አቅፎ ሽንት ቤት የሚወስድ፣ ልብሷን በእጁ የሚያጥብ ሰው ነው።

አሁን ግን በአይኑ አየው።

ክንዱን ጨምድዶ አስነሳው። ሰው ሁሉ ፊልሙን ትቶ ወደ እነሱ ዞረ።

"እህቴ እየሞተች አንተ ተኩስ ታያለህ?"

ሙርሺድ አልተቆጣም። በልመና ድምፅ፣ "ጋሼ ሸኩር... ፊልሙ እስኪያልቅ ብቻ ታገሰኝ" አለው።

የሸኩር ደም ፈላ። በጥፊ አጮለው።

ሙርሺድ ጉንጩን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ተከተለው።

ቤቱ ቅርብ ነው። ገና አጥሩ ጋ ሳይደርሱ የሰሊማ ጩኸት ተሰማ...

"ሀርሜ... ሀርሜ ኮ..." እያለች የሞተች እናቷን ትጣራለች።

ሸኩር ዞር ብሎ ይሄንን ጥለህ ነው እዚያ የምትቀመጠው አለው። ሙርሺድ አጥሩን ተደግፎ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር።

ሸኩር ገፍቶ አስገባው።

ውስጥ ጎረቤታቸው ዙህራ የሰሊማን ቁስል እያጠበች ነው። ዙህራ ነርስ ናት፤ ከስራ ስትወጣ በየቀኑ ትመጣለች።

ሰሊማ ባሏን በሩ ላይ ስታየው ጩኸቷ ቀጥ አለ። ሻሿን ጎትታ አፏ ውስጥ ከተተችው።

ሸኩር ባሏ ሲመጣ የቀለላት መሰለው...

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙርሺድ ፊልም ቤት ድርሽ አላለም። ሸኩርም ለዘመድ አዝማዱ ልክ አስገባሁት ብሎ ነገረ። የሰሊማ ድምፅ ከግቢው ጠፋ። ጎረቤቱ አልሃምዱሊላህ፣ ትንሽ ሻል ብሏታል ተባባለ።

ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

ተዕዚያው ላይ፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ለማፅናናት የመጣው ሁሉ ሸኩር ጎን ይቀመጣል። ሙርሺድ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። አንዱ፣ ፊልሙ አልቆበት ነው ዛሬ ቤት የዋለው ሲል ሸኩር ሰማ... አልተቆጣም።

በማግስቱ ዙህራ ሸኩርን ከድንኳኑ ጀርባ ጠራችው።

"ፊልም ቤት የላከችው እሷ ነበረች" አለችው።

አልገባውም።

ዙህራ ነገረችው። ቁስሉ ሲታጠብ የሚሰማት ህመም ማስታገሻ የሚችለው አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን ሙርሺድ እጇን ይዞ አብሯት ይቀመጥ ነበር። እሱ እንዳይሰቃይ ብላ ጥርሷን ነክሳ ዝም ትላለች... ዝም ስትል ደግሞ ስቃዩ ይብስባታል። ውጣ ብትለው በመስኮቱ ስር ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ሰማችው።

በመጨረሻ በአላህ ስም አስማለችው። ዙህራ ስትመጣ ፊልም ቤት ሂድ፣ ጩኸት የበዛበትን ፊልም ምረጥ፣ ስፒከሩ ስር ተቀመጥ፣ ሳያልቅ እንዳትመጣ አለችው። እንደማትሰማኝ ካወቅኩ እንደ ልቤ እጮሃለሁ...

"ሲመለስ ፊልሙን ተርክልኝ ትለዋለች" አለች ዙህራ። "እሱም ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ በአፉ እየተኮሰ፣ መሪ እያዞረ ያሳያታል። ሰውዬው ከፎቅ ወድቆ ልብሱን አራግፎ ሲሄድ በሳቅ ትፈርሳለች። 'እንደሱ አይነት ገላ ለኔ በሰጠኝ' ትላለች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።"

ዙህራ አይኗን ጠረገች።

"አንተ ጎትተህ ካመጣኸው በኋላ ሂድ ብላ ለመነችው። ከወንድምሽ አላጣላሽም ብሎ ቀረ። እሱ ቤት ካለ ደግሞ አትጮህም። እስክትሞት ድረስ ሻሿን እየነከሰች ነው ያጠብኳት። ተሽሏት አልነበረም ሸኩር።"

ሸኩር ድንኳኑ ውስጥ እንዴት እንደገባ አያውቅም። ሰው ሁሉ እያየው ሄዶ ሙርሺድ እግር ስር ተቀመጠ። ስመታህ እንኳን ለምን አልነገርከኝም ብሎ ጠየቀው።

ሙርሺድ ቀና አላለም።

"አደራ ብላኝ ነው። ወንድሜ ስቃዬን እንዳያውቅ፣ ደህና ናት ብሎ ይግባ አለችኝ።"

ሸኩር ጉልበቱን ይዞ፣ "አፉ በለኝ" አለው።

"እኔስ አፉ ብዬሃለሁ ጋሼ... እሷን ከየት አምጥተን እንጠይቃት?"

ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ወዳጆቼ... መኪና ከመጋጨት፣ ህንጻ ከማፈንዳት በቀር ቁም ነገር የለውም ብለን የምንንቀው ፊልም አለ። እውነት ነው፣ ቁም ነገር የለውም። ግን ሰው ሁልጊዜ ቁም ነገር አይችልም። ልቡ የሞላበት ሰው ለአንድ ሰዓት ምንም የማያሳስበው ቦታ ይፈልጋል። እሱን ቦታ ከመንጠቃችን በፊት ምን ሸሽቶ እንደመጣ እንጠይቀው።

ሸኩር ክፉ ሰው አልነበረም። እህቱን የሚወድ ሰው ነበር። የሚያስፈራው ይሄ ነው...

እናንተ በሸኩር ቦታ ሆናችሁ ያን መጋረጃ ብትገልጡ ምን ታደርጉ ነበር? ሙርሺድስ በጥፊ ሲመታ አደራውን አፍርሶ መናገር ነበረበት ወይስ ዝም ማለቱ ልክ ነው ትላላችሁ?

የልባችሁን ኮመንት ላይ ፃፉ... አነበዋለሁ።