ዞሮ የመጣው መጽሐፍ

መርከቡ አሁንም አልደረሰም።

ታረቀ ስልኩን ኪሱ ከተተና ለደብሩ መምህር ለየኔታ ዘመንፈስቅዱስ ነገራቸው። "ቀይ ባሕር ላይ መርከብ እየተመታ ነው አለኝ ደመላሽ። አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ገና አንድ ወር ይፈጃል።"

"ባለፈው ወርም አንድ ወር ብሎህ ነበር" አሉ የኔታ። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ልጄ።"

የሚጠበቀው የወይራ አምባ ማርያም ደብር የብራና መጽሐፍ፣ ተአምረ ማርያም ነው። ከቁይ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ከምትርቀው ከዚህች ደብር ዕቃ ቤት ከጠፋ ስምንት ዓመቱ። የገዛው ፈረንጅ ሲሞት ልጁ መጽሐፉን ለሚያውቅ ሰው ብታስነብበው የደብሯ ስም ተጽፎበት ተገኘ። እሷም ለባለቤቱ ይመለስ አለችና ወደ ኢትዮጵያ ከሚላኩ የሕክምና አልጋዎች ጋር በኮንቴይነር ጫነችው። ከሴትዮዋ ጋር የሚጻጻፈው፣ አልጋዎቹንም ከጅቡቲ የሚያስመጣው ነጋዴው ደመላሽ ነው።

ነገሩ የሚያመውም እዚህ ላይ ነው፤ መጽሐፉን ሰረቀ የሚባለው ራሱ ደመላሽ ነውና።

ታረቀና ደመላሽ ፊደል የቆጠሩት ከአንድ የኔታ እግር ሥር ነው፤ ከአንድ አቁማዳ ቆሎ እየዘገኑ ነው ያደጉት። ያን ዓመት የኔታን የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ጠበል ሲሄዱ በእጃቸው የነበረውን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለደመላሽ ሰጡት። በሦስተኛው ሳምንት ዓይናቸው በርቶ ተመለሱ። አገሩ በእልልታ ተቀበላቸው። እልልታው ሳያበቃ ዕቃ ቤቱ ቢከፈት መጽሐፉ የለም።

እመቤታችን ለየኔታ ዓይናቸውን ሰጠች፣ ሰይጣን ደግሞ መጽሐፏን ወሰደ ተባለ። ሰይጣኑም ቁልፍ ያዡ ደመላሽ ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡ ለፖሊስ ሊያስረክበው ሲነሣ የኔታ እያለቀሱ መሐል ገቡ። "ልጄ ነው፤ ለእግዜር ተዉት።"

ለእግዜር ተዉት፤ ሰላምታ ግን ነሡት። ደመላሽ ደብረ ማርቆስ ገብቶ ዕቃ ማስመጣት ጀመረ፤ ውሎ አድሮም አይሱዙ ገዛ። በምን ገንዘብ? አለ አገሩ። እናቱ እማማ ወለተ ኪዳን ሲሞቱ እድሩ ድንኳን እንዳይተክል፣ ሰውም ለቀብር እንዳይወጣ ያደረገው የእድሩ ዳኛ ታረቀ ነው። ደመላሽ እናቱን ከአራት ሰው ጋር ቀበረ። ታረቀ በደጁ ቆሞ የቃሬዛውን ማለፍ አይቷል፤ አልተንቀሳቀሰም። "ያመኑት ፈረስ ጣለኝ በደንደስ" ይል ነበር።

በጥር መጨረሻ ደመላሽ ደወለ። "የጭነቱ ዝርዝር ደርሶኛል፤ ላንብብልህ። መጽሐፍ አንድ። ጨርቅ አንድ።"

"ጨርቁን ተወውና መጽሐፉ መቼ ይደርሳል?"

"እኔ መርከብ አልነዳም፣ ታረቀ።"

ታረቀ ይህንኑ አንድ ሳያስቀር ለየኔታ አደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ እህል ከአፋቸው ጠፋ። ከቅዳሴ መልስ ሁልጊዜ "መርከቡ የት ደረሰ?" ይላሉ። ምእመናኑ የኔታ ለመጽሐፉ እንዲህ ሲንሰፈሰፉ አይተው አዘኑላቸው።

በየካቲት ሌላ ወሬ መጣ። መርከቡ ጅቡቲ ሳይገባ ዕቃውን ኦማን አራግፎ ሄዷል፤ ኮንቴይነሩ ወደዚህ የሚያሻግር ትንሽ መርከብ ይጠብቃል። ታረቀ በገነ።

"የኔታ፣ መጽሐፉ ከዚያ ወጥቶ በአውሮፕላን ይምጣ እንበለው። ከቆየ ሊሸጥብን ነው፤ አንዴ የሸጠ ሰው ሁለተኛ አያፍርም።"

"አይሆንም። ባሕሩ ሲዘጋ ሰዉ ሁሉ ወደ አውሮፕላን ዞሮ እሱም ተጨናንቋል አላልከኝም? ሰላም እስኪወርድ እዚያው ይቆይ። ስምንት ዓመት የታገሠ ሌላ ስምንት አይታገሥም?"

የጧቱ ውርጭ ከባድ ነበር፤ የኔታ በስስ ነጠላ ይንቀጠቀጣሉ። ታረቀ ድሮ የሰጣቸው ኩታ ትዝ አለው። ሚስቱ ዓይናዲስ ፈትላው፣ ሸማኔው ጥለቱን ሲጀምር አረንጓዴ ክር አልቆበት በቢጫ የጨረሰው ኩታ ነው። ዓይናዲስ በሸማኔው የተናደደችውን ንዴት እስከ ዛሬ ትናደዳለች።

"ያ ኩታ የት ሄዶ ነው እንዲህ የሚበርድዎት?"

"ለመግነዜ ብዬ ከሣጥን አኑሬው ኖሬ፣ ዘንድሮ በጥምቀት አንድ የበረደው ነዳይ አየሁና አለበስኩት።"

ታረቀ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እንዲህ ያለ ሰው እያለ፣ አለ በልቡ፣ ደመላሽን የመሰለም ይበቅላል።

የግንቦት ልደታ ዋዜማ የደመላሽ አይሱዙ ከደብሩ ቅጥር ውጭ ቆመ። ሕዝቡ ነቅሎ ወጣ። ካህናቱ ጥላ ዘርግተው ሣጥኑን ተቀበሉ። የኔታ ብቻ አልነበሩም፤ ጎሕ ሲቀድ ምርኩዛቸውን ይዘው "ጠበል ወርጃለሁ፣ አትጠብቁኝ" ብለው ወጥተዋል። ስለታቸውን ሊያደርሱ ነው ተባለ።

"ግባ እንጂ" አለ ታረቀ፣ ከአንገት በላይ። "ቅጠሉ ጎድሎ እንደሆነ በሕዝብ ፊት እንድንተያይ።"

"አልገባም። እናቴን የቀበርኩ ቀን ነው ከዚህ ቅጥር የወጣሁት" አለ ደመላሽ። ከኪሱ ወረቀት አወጣ። "ሴትዮዋ ደብዳቤ ልካለች። አባቷ ሲገዛው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ሳትፈታ፣ እንደነበረ ልኬዋለሁ ትላለች።"

ታረቀ እዚያው የሣጥኑን ምስማር በጉጠት ነቅሎ ክዳኑን አነሣ።

መጽሐፉ በኩታ ተጠቅልሏል፤ ጥለቱ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ ነው።