ሐሙስ ሐሙስ የምታላዝን መኪና

መኪናዋ ማላዘን የጀመረችው ዝናቡ ሲገባ ነው። ባለቤቷ ፓርጂማን፣ በአክብሮት «ፓክ» የሚባለው ሽማግሌ፣ ለጠየቀው ሁሉ የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

ድምፁ የሚመጣው ከሥር ነው። ቀስ ሲሉ ያጉረመርማል፤ ፈጠን ሲሉ «ኡኡኡ» ይላል፤ ደጅ ያደረ ውሻ ይመስላል።

ፓርጂማን ተማንጉንግ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው። መኪናዋም አብራው አርጅታለች። ሱቁን ከዘጋ ወዲህ የሚነዳት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አበባ ሻጮቹ ሥራ ሲበዛባቸው ተሰልፎ ጽጌረዳውን በሙዝ ቅጠል ያስጠቀልልና፣ ተራራው ወገብ ላይ ወዳለው ወደ ሚስቱ ወደ ቱሚናህ መንደር ይወጣል። «ከእናቴ ጎን ውሰደኝ» አለችው፤ ወሰዳት። አልተከራከራትም። ከእሷ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው ድሮም የለም።

አውቶቡስ እዚያ አይደርስም። መኪናዋ ከሌለች ወደ ቱሚናህ መሄጃ የለውም።

ልጁ ሬትኖ ግን ቆርጣለች።

«ለሚቀጥለው ሐሙስ መፍትሔ ካልተገኘላት ትሸጣለች። መንገዱ ገደል ነው፣ አባባ። ጎማው ሊወልቅ ነው የሚሉት ራስዎ አይደሉ?»

«እናትሽስ?»

«እማዬ አንድ ሐሙስ ቢቀሩባት አትቀየምዎትም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ! ስዘገይ ምን እንደምትለኝ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ሬትኖ ያመጣችውን ቴምፔ፣ የአኩሪ አተር ጥብሱን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን አዙራ ወጣች።

መካኒኩ ጊያንቶ ጋራዡ ከገበያው ጀርባ ነው። እጁ ቢያርፍ አፉ አያርፍም። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ እያንዳንዱን ጎማ በእጁ አሽከረከረ፤ ጆሮውን ደቀነ። የኋላው ኩሽኔታ ትንሽ ላልቷል አለና አዲስ ገጠመ።

ፓርጂማን ከሰፈሩ ሳይወጣ ተመልሶ መጣ።

«ከወደቀ መኪና ነቅለህ ነው የገጠምክልኝ?»

«በእናቴ ሞት! ከነካርቶኑ አይደል ያዩት፣ ፓክ?»

«ካርቶኑንማ ማን አየው? በወሬ አደንቁረኸኝ!»

ጊያንቶ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወረ። ጎማው ከሆነ ድምፁም አብሮት ይዛወራል። አልተዛወረም። የበሮቹን ክፍተት በፕላስተር ለጣጠፈ፤ ንፋስ ከሆነ ይቆማል። አልቆመም። ጎረቤቶች «ጊያንቶ ሽማግሌውን እያለበው ነው» ማለት ጀመሩ። ፓርጂማንም አመነ። ሌሊት ሌሊት በአልጋው ላይ ሆኖ የማይታየውን ብሎን ሲፈታና ሲያጠብቅ ያድራል። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፤ ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ ብታወራ ጆሮ አይሰጣትም፤ መኪናው አንዴ ብታቃስት እንቅልፍ አይወስደውም።

«እኔ ስነዳት የማንኛውም አሮጌ መኪና ድምፅ ነው የምሰማው» አለ ጊያንቶ በመጨረሻ።

«ጆሮህን ታጠብ!»

«እሺ፣ ታጥቤ ሐሙስ አብሬዎት እወጣለሁ። መንገዱ ያው፣ ሰዓቱ ያው። እርስዎ እንደ ወትሮዎ ይንዱ። ሬትኖም ልሽጣት ወይስ ልተዋት ብላ ቃሌን እየጠበቀች ነው።»

ሐሙስ ደረሰ። ጊያንቶ የፊቱን በር ከፈተ።

«እዚያ አይደለም» አለ ፓርጂማን። «ከኋላ።»

ጊያንቶ ወንበሩን አየት አደረገ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና ሳይቀልድ ከኋላ ገባ።

ዝምታው ግን ከከተማው መውጫ አላለፈለትም። የጎረቤቱ ፍየል የደረቀ ትንባሆ ከማስጫው ላይ እንደበላች ማውራት ጀመረ።

«ሱስ ያዛት፣ ፓክ። አሁን ሲጋራ ስለኩስ አጥር ዘላ ትመጣለች። ትናንት ሚስቴ ምን አለችኝ? ‹ፍየሏ ካንተ ትሻላለች፤ እሷ ቢያንስ ወተት ትሰጣለች!›»

ፓርጂማን መሪውን እስኪስት ሳቀ። የትንባሆው ማሳ አለፈ፤ ዳገቱ ጀመረ፤ ጊያንቶ ስለ አማቱ ወሬ ቀጠለ።

ከዚያ ድንገት «ፓክ፣ አሁን ይሰማዎታል?» አለ።

«ምኑ?»

«ድምፁ።»

ጊያንቶ አፉን ዘጋ። ፓርጂማን አንገቱን አዘነበለ።

«ጠፍቶ ነበር... ቆይ! ይኸው! ይኸው መጣ! ስማ፣ ኡኡኡ ሲል!»

ጊያንቶ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ብዙ አዳመጠ።

«ይሄንንማ አውቀዋለሁ። ከስንት ዓመት በፊት ጋራዤ መጀመሪያ የመጣች ዕለትም እንዲሁ ነበረች።»

«ቅጥፈት! ስንት ዘመን በዚህ መንገድ ወጥቻለሁ፤ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

«ቡ ቱሚናህን ይዘው?» አለ ጊያንቶ፣ ሚስቱን በአክብሮት ጠርቶ።

«ታዲያ ማንን ልይዝ ነው?»

«ዝም ብለው ነበር የሚሄዱት?»

«ቱሚ? ዝም?» ፓርጂማን ሳቁ አመለጠው። «ከደጃችን እስከ እናቷ ደጅ አፏ ተከድኖ አያውቅም! የሽንኩርቱ ዋጋ፣ የጎረቤቷ ምራት፣ የእኔ አነዳድ። ‹ቀስ በል፣ ዶሮ ገባች! ፍጠን እንጂ፣ መሸ!› ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። እኔማ ግማሹንም አልሰማት...»

መኪናዋ ዳገቱን ብቻዋን እያላዘነች ወጣች።

«ለሬትኖ አትሽጪያት እላታለሁ» አለ ጊያንቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መኪናዋ ደህና ናት።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ጊያንቶ እጁን ባዶው የፊት ወንበር ላይ አሳረፈ።

«ድሮም ነበረ፣ ፓክ፤ መስማት የጀመሩት ቡ ቱሚናህን ከቀበርናቸው ወዲህ ነው።»